የሚኒቫንን ወለል አንድም አዲስ ቀዳዳ ሳይበሱ ለጭነት ማስተካከል

ኅዳር ላይ ከሰቃ ጨቆርሳ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ማለት ነው፣ ጭነን ስንመለስ አንድ ጆንያ ተቀደደብን። የኋላ ወንበሮቹን አጥፈን፣ በላያቸው ሸራ አንጥፈን ነበር የጫንነው። ጅማ ደርሰን በሩን ስንከፍት የጆንያው ሆድ በወንበሩ ብረት ተሰንጥቆ ቡናው ሞኬቱ ሥር ገብቷል፤ የወንበሩ ሐዲድ ውስጥም ተሰግስጓል። እኔና ረዳቴ ፍሬውን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ጫፍ ስንለቅም አመሸን። ባለቡናዋ እናት አጠገባችን ቁጭ ብለው "ተዉት ልጆቼ፣ ይበቃል" ቢሉንም መተው አልሆነልንም፤ የዓመት ልፋታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የመኪናዬን ወለል ሁለት ጊዜ ለውጫለሁ። መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ታውን ኤስ ነች። በሥራ ቀን ከወንድሜ እንጨት ቤት በርጩማ፣ ጠረጴዛና የአልጋ ራስጌ ታመላልሳለች፤ በቡና ወቅት ጀንፈል ትጭናለች፤ እሁድ ደግሞ ቤተሰብ ይዛ ዘመድ ጥየቃ ትሄዳለች። ስለዚህ የምፈልገው ወለል ጠንካራ ሆኖ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተነስቶ ወንበሩ ቦታው የሚመለስ ነበር።

የመጀመሪያውን ለአንድ ወርክሾፕ ሰጠሁት። ጥሩ ኮምፔርሳቶ አምጥተው በቀጥታ ወለሉ ላይ አነጠፉና በ14 ብሎን ከላሜራው ጋር ወጋግተው አሰሩት። ላዩ ያምር ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሳነሳው በእያንዳንዱ ብሎን ዙሪያ ሳንቲም የሚያክል ዝገት ወጥቷል። ከሥር ገብቼ ሳይ ደግሞ የአንዱ ብሎን ጫፍ ከፍሬን ቱቦው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ርቆ ቆሟል። ልጆቼን ይዤ የዴዶን ቁልቁለት የወረድኩት በዚያ መኪና ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው፦ ወለሉ የሚታሰረው የወንበሮቹ ብሎኖች በነበሩባቸው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ፋብሪካው እነዚያን ቀዳዳዎች ከሥር በወፍራም ብረት አጠናክሮ የሠራቸው መኪና ሲጋጭ ወንበርን ከነሰዉ ይዘው እንዲያስቀሩ ነው። በመኪናው ወለል ላይ ከእነሱ የተሻለ ማሰሪያ አታገኙም። የቀረው ላሜራ እኮ ከአንድ ሚሊ ብዙም አይበልጥም።

መጀመሪያ ሊብሬውን

መጋዝ ከመያዛችሁ በፊት ሊብሬውን ከፍታችሁ መኪናው ባዶውን ስንት እንደሚመዝንና ስንት እንዲጭን እንደተፈቀደለት አንብቡ። በግልጽ ካልተጻፈ እንዲህ አስቡት፦ ስምንት ሰው የምትይዝ መኪና ከሹፌሩና ከጎኑ ከሚቀመጠው ሌላ ከኋላ ስድስት ሰው ትይዛለች። አንዱን ሰው 65 ኪሎ ብትሉት 390 ኪሎ ይሆናል። ወንበሮቹ ሲወጡ የሚቀንሰውን ክብደት አዲሱ ወለል መልሶ ስለሚወስደው እሱን ትርፍ ብላችሁ አትቁጠሩት። እንግዲህ የኔ መኪና ልኳ አራት ኩንታል አይሞላም። በፈረሱላ ለሚያስብ፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ 23 ፈረሱላ ገደማ ማለት ነው። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ከሆነ ስድስት።

ይህን መጀመሪያ ያመጣሁት በምክንያት ነው። ወለሉ ሲስተካከል ቦታው ይሰፋል፤ ቦታው ሲሰፋ አሥር ጆንያ ያለ ችግር ይገባል። ባሌስትራው፣ ጎማውና ፍሬኑ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ባሌስትራ አስጨምሮ ብዙ መጫን የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት፤ የተጨመረው ባሌስትራ የመኪናውን ቂጥ ከፍ ያደርጋል እንጂ ፍሬኑን አያጠነክረውም።

ሌላው የሕግ ጉዳይ ነው። ሊብሬው ላይ የሰው ልክ ተጽፏል። መኪናውን ለዘለቄታው የጭነት ማድረግ ከፈለጋችሁ ሥራውን ሳትጀምሩ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ወለሉ በተነጠፈበት ቀን ደግሞ ከኋላ ሰው አይቀመጥም፤ ጭነቱን ደግፎ የሚሄድ ረዳትም ቢሆን። ወንበር የለም፣ ቀበቶ የለም።

ወንበሩን ማውጣት

ከዋዜማው ማታ ብሎኖቹን ሁሉ በዘይት አርሷቸው። ደብሊውዲ 40 ካገኛችሁ እሱን፣ ካላገኛችሁ ቀጭን ዘይትና ነጭ ጋዝ ቀላቅላችሁ ጥቂት ጠብታ። ከላይ ብቻ ሳይሆን መኪናው ሥር ገብታችሁ ጫፉ በሚታይበት በኩልም ቀቡት፤ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ካስለቀቃችሁ በኋላ። ጠዋት ላይ ብዙ ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታሉ፤ አንዳንዱ 12 ወይም 17 ይሆናል። ረጅም እጀታ ያለው የካልሲ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ክፍት አፍ ያለው ቁልፍ የብሎኑን ራስ ያከበዋል። እምቢ ያለውን ብሎን ራሱን በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉና ትንሽ አጥብቃችሁ ከዚያ ፍቱት። በእሳት ማሞቅ አይሞከርም። ሞኬቱ ይቃጠላል፤ ከሥር ደግሞ የነዳጅ ቱቦ አለ።

የወጡትን ብሎኖች በየወንበሩ ለይታችሁ በፌስታል አስቀምጡና ላዩ ላይ ጻፉበት። የቀበቶ ብሎኖችን ከእነሱ ጋር አትቀላቅሉ፤ መጠናቸው ቢመሳሰልም ጥርሳቸው የተለየ ነው፤ በግድ ቢገባ ቀዳዳውን ያበላሸዋል። ወንበሮቹን ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ አኑሯቸው። አይጥ የወንበር ስፖንጅ ትወዳለች፤ ጎረቤቴ ላይ ደርሷል።

ሞኬቱን ማንሳት

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ሞኬቱ ሥር እጃችሁን ስታስገቡ እርጥበት ካገኛችሁ፣ ጅማ ላይ ደግሞ ታገኛላችሁ፣ ወለል ከመሥራታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጉ። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ናት። የኋላ በር ጎማ፣ የኋላ መብራቶች ዙሪያና የጎን በሩ ሐዲድ ዋናዎቹ ማስገቢያዎች ናቸው። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ በጎማ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ በባትሪ ይይ።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አራግፋችሁ አንቲረስት ሁለት እጅ ቀቡት። ጣት ሲጫነው የሚሰምጥ ወይም የሚበሳ ቦታ ካለ ግን ባትላሜራ ጋ ውሰዱት። የበሰበሰ ላሜራ ላይ አዲስ ጣውላ ማንጠፍ ችግሩን መሸፈን ነው። የወለሉ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በጎማ ክዳን ተዘግተው ታገኟቸዋላችሁ፤ የት የት እንዳሉ በፎቶ ያዙ፤ ሳታውቁ በእንጨት እንዳትጋርዷቸው።

ልኬት በሲባጎ

ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሥሩት። የሚኒቫን ወለል ደረጃ ደረጃ ነው፦ ከኋላ የዕቃው ቦታ አለ፣ ከዚያ የወንበሩ ሐዲድ ብቅ ይላል፣ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ደግሞ የእግር ማስቀመጫው ይጎደጉዳል። ሦስቱን በአንድ ከፍታ የምታገናኙት በዓይን ግምት አይሆንም።

የኋላውን በር ክፈቱና ደፉ ላይ 1 ሳንቲም ውፍረት ያላት ቁራጭ እንጨት አስቀምጡ። በእሷ ላይ ሲባጎ አሳልፋችሁ እስከ ፊት ወንበሩ ጀርባ ወጥሩ። የሲባጎው ከፍታ የአዲሱ ወለል ፊት ነው። ከበሩ ደፍ 1 ሳንቲም ከፍ የሚለው ጆንያ ሲሳብ ጠርዙ ላይ እንዳይያዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት በሩ ሲዘጋ ቁልፉ አይደርስም።

የፊተኛውን ጫፍ ለማስተካከል ውሀ ልክ አትጠቀሙ። ባዶ መኪና ወደ ፊት ያዘነብላል፤ መሬቱም ልክ ላይሆን ይችላል። ይልቅ የኋላው ወለል ሜዳ ከሆነበት ላይ ሁለት ቦታ መርጣችሁ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ለኩ፤ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ የፊቱን ጫፍ ከፍ ዝቅ አድርጉት። አሁን ሲባጎው ከመኪናው ወለል ጋር ጎን ለጎን ሄዷል። ሦስት ሲባጎ ወጥሩ፦ በግራ፣ በመሃልና በቀኝ። ከዚያ በየ20 ሳንቲሙ ወደ ታች ለክታችሁ ቁጥሩን በኖራ እዚያው ወለሉ ላይ ጻፉት።

የኔ መኪና ቁጥሮች እንዲህ ነበሩ፦ ከሲባጎ እስከ ኋላ ወለል 6 ሳንቲም፣ እስከ ሐዲዱ ጀርባ 2 ሳንቲም ተኩል፣ እስከ እግር ማስቀመጫው 15 ሳንቲም። ከእያንዳንዱ ላይ የኮምፔርሳቶውን ውፍረት፣ 1.8 ሳንቲም፣ ቀንሱ። ኋላ ላይ የሚቆመው ተሸካሚ 4.2፣ ጉድጓዱ ላይ የሚቆመው 13.2 ሳንቲም ቁመት ያስፈልገዋል። ሐዲዱ ላይ ደግሞ 7 ሚሊ ክፍተት ቀረ፤ ሐዲዱ ጣውላውን አይነካውም ማለት ነው። መንካትም የለበትም። ጣውላ ሐዲድ ላይ ካረፈ ክብደቱ ሁሉ በቀጭን መስመር ላይ ይወድቅና ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እዚያው ይሰበራል።

እንጨቱ

ለተሸካሚዎቹ የደረቀ ሞራሌ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ግን እየደረቀ ሲሄድ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ወለላችሁንም ያነሳዋል። ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የጅማን በርጩማ የሚሠሩ ሰዎች ዋንዛን የሚወዱት ቀላል፣ ለመላግ የማያስቸግርና ከደረቀ በኋላ ቅርጹን የሚጠብቅ በመሆኑ ነው። ሥራ ቤታቸው ጥግ ላይ የተረፈ፣ ዓመት የደረቀ ቁራጭ ዋንዛ አይጠፋም። እኔ ከአንድ አረጋዊ አናጺ ነው የገዛሁት። "ጋሼ፣ ደርቋል ወይ?" ስላቸው መልስ ሳይሰጡኝ አንዱን አንስተው ሌላው ላይ አንኳኩት፤ እንደ ደወል ጮኸ። እርጥቡን ሲያንኳኩት ደብ ብሎ ቀረ። "አየኸው ልጄ፣ በጆሮህ ግዛ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንጨት ሳላንኳኳ ገዝቼ አላውቅም።

ለላዩ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ግዙ። አንዱ ሉህ 122 በ244 ሳንቲም ነው፤ ክብደቱ ከ30 ኪሎ አይርቅም። ችፑድ በዋጋ ይረክሳል፤ ግን ውሃ ሲነካው አብጦ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል፤ በጅማ አየር አንድ ክረምትም አይዘልቅም። ላሜራ ማንጠፍ የሚሹም አሉ። ላሜራ ያንሸራትታል፣ ይጮኻል፣ ሥሩ የተያዘው እርጥበት አይታይም፤ እኔ አልመርጠውም።

ተሸካሚዎቹን መዘርጋት

ሞራሌዎቹ በመኪናው ርዝመት፣ ከፊት ወደ ኋላ ይሂዱ። ከወለሉ ላሜራ ሥር ከጎን ወደ ጎን የሚያልፉ አግድም ብረቶች አሉ፤ ቁመታም ሞራሌ ሦስት አራቱን በአንዴ ስለሚረግጥ ክብደቱ ላሜራው ላይ ሳይሆን ብረቶቹ ላይ ይወድቃል። በሁለት ሞራሌ መካከል ከ40 ሳንቲም የበለጠ አትተዉ። በኔ መኪና አራት ሞራሌ በቃ፤ ሁለቱ በወንበሩ ቀዳዳዎች መስመር ላይ፣ አንዱ መሃል ለመሃል ባለው ሰፊ ክፍተት፣ አንዱ ደግሞ ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ስላደላ ከዳር።

ከሥራቸው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ለጥፉ። 2 ሚሊ ያህል ውፍረት አለው፤ ስለዚህ የኋላው ሞራሌ 4 ሳንቲም ሆኖ ይላጋል፣ ጎማው ሲጨመር 4.2 ይሞላል። ጎማው ጩኸት ያጠፋል፣ የላሜራውን ቀለም ከመፋቅ ያድናል፣ እንጨቱም እርጥበት እንዳይጠጣ ይለየዋል።

የእግር ማስቀመጫውን ጉድጓድ እኔ በሳጥን ነው የሞላሁት። ጣውላዎች በቁማቸው ቆመው፣ መሃላቸው በሁለት አግድም ተደግፈው፣ በኮላና በብሎን የተያያዙ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ክሪክ፣ ገመድ፣ ሸራና የጎማ ቁልፍ እዚያ ይገባሉ። ክዳኑ በፊተኛው በኩል ስለሚነሳ ጭነት ካለ እንኳ በጎን በር በኩል ይደረስበታል። ስኮርት ጎማችሁ ከወለሉ ሥር የሚታሰር ከሆነ ማውረጃው የት እንዳለ እዩና ያንን ቦታ ክፍት ተዉት። ከአጋሮ መንገድ ላይ ማታ ጎማ ፈንድቶባችሁ አራት ኩንታል ማውረድ አትፈልጉም።

ላዩን መቁረጥ

የጎማ ቤቶቹ ጎበጥ ያሉ ስለሆኑ በሜትር ልክ አይያዙም። የቲቪ ወይም የፍሪጅ ካርቶን ፈልጉ። ካርቶኑን ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ እየቆረጣችሁ፣ እያስገባችሁ፣ እንደገና እየቆረጣችሁ ልክ እስኪሆን አስማሙት፤ ከዚያ ኮምፔርሳቶው ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ አዙሩ። ሁለቱ ጎን ተመሳሳይ ናቸው ብላችሁ አንዱን ካርቶን ገልብጣችሁ አትጠቀሙ፤ አሮጌ መኪና ተጋጭቶ ተቃንቶ ሊሆን ይችላል፤ የኔ በ12 ሚሊ ይለያያል። ዙሪያውን ከመኪናው ግድግዳ 5 ሚሊ አርቁት፤ እንጨት በክረምት ያብጣል።

ሉሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ አንድ ሰው ብቻውን ማንሳት እንዲችል። መገናኛዎቹ የግድ በቁመታም ሞራሌዎቹ መካከል በሚገባ አግድም ሞራሌ ላይ ይረፉ፤ አየር ላይ የቆመ መገናኛ በመጀመሪያው ጆንያ ይወርዳል። ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ይህችን ትንሽ ነገር አትናቁ፤ ስል የኮምፔርሳቶ ጠርዝ ጆንያ ይቀድዳል፤ የተነሳነውም ከዚያ ለመሸሽ ነበር።

ማሰሩ

በወንበሩ ቀዳዳዎች ትይዩ ሞራሌው ላይ ለብሎኑ የሚበቃ ቀዳዳ፣ ኮምፔርሳቶው ላይ ደግሞ 35 ሚሊ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳል። ትራፓኖ የሚነካው እንጨቱን ብቻ ነው፤ እሱም ከመኪናው ውጭ። የብሎኑ ራስ ሞራሌው ላይ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ያርፋል፤ የካልሲ ቁልፉ በሰፊው ቀዳዳ ይገባል፤ ሲታሰር ቀዳዳው በእንጨት ወይም በጎማ ክዳን ይደፈናል። እንዲህ ሲሆን ላዩ ላይ ብቅ ያለ ብረት አይኖርም። ኮምፔርሳቶው ራሱ ሞራሌው ላይ በእንጨት ብሎን ይያያዛል።

ብሎኑ ከወንበሩ ብሎን በሞራሌው ቁመትና በሮንዴላው ውፍረት ልክ መርዘም አለበት። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጥርሱን አስመሳክሩ፤ የመኪና ብሎን ከተራው የግንባታ ብሎን ይልቅ ጥርሱ ደቃቅ ሊሆን ይችላል። ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበትን ግዙ። በእጅ ቢያንስ አምስት ስድስት ዙር ሳይገባ በቁልፍ አትጀምሩ። ሮንዴላው ትልቅ ይሁን፤ 40 ሚሊ የሚሆን ከወፍራም ላሜራ የተቆረጠ፤ ትንሹ እንጨቱን እየበላ ይሰምጣል፣ ብሎኑም ይላላል።

አራቱ ማዕዘን ላይ ገመድ ማሰሪያ ቀለበት ያስፈልጋል። በያጁ ቀለበቱን ብሎኑ ራስ ላይ ልበይድልህ ካለ እምቢ በሉ፤ ጠንካራ ብሎን በብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል። ከ5 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ቀለበት አስበይዱና ጠፍጣፋው ብረት በሮንዴላው ቦታ ከብሎኑ ሥር ይታሰር። ብየዳው ሁሉ ከመኪናው ውጭ ይሠራ።

ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ የቱቦላሬ ፍርግርግ እንድታቆሙ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። መኪና በደንብ ፍሬን ሲይዝ ጭነቱ ከክብደቱ እስከ 80 በመቶ በሚደርስ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። ከ390 ኪሎ ላይ ከ310 ኪሎ በላይ ማለት ነው፤ የሚገፋውም ጀርባችሁን ነው። ጠፍጣፋ ወለል ደግሞ ከተጠቀለለ ወንበር ይልቅ ያንሸራትታል፤ ያለ ፍርግርግና ያለ ማሰሪያ ወለል ማስተካከል አደጋውን ይጨምረዋል። ፍርግርጉ እስከ ትከሻ ከፍ ብሎ በታች በኩል በፊተኞቹ የወንበር ቀዳዳዎች ይታሰር፤ ወደ ኋላ የሚወርድ ድጋፍም ይኑረው።

ሽታ

ይህ ክፍል ቡና ለሚጭን ሰው ነው፤ በርጩማ ብቻ የምትጭኑ እለፉት።

ቡና ሽታ ይጠጣል። ጀንፈል ከናፍጣ ጀሪካን ጋር አንድ ሌሊት ቢያድር ሽታው ከፍሬው አይወጣም፤ ቀማሽ ፊት ሲቀርብ ይታወቃል፤ የአንድ ጆንያ ጉዳይ ሳይሆን ከእሱ ጋር የተቀላቀለው ሁሉ ይወድቃል። ስለዚህ ወለሉን የምትቀቡበትን ጊዜ ከቡና ወቅት አርቁ። እኔ ሐምሌ ላይ ነበር የጀመርኩት፤ እንጨቱ እርጥበት ስለያዘ ቫርኒሹ እምቢ አለና ጥቅምት ድረስ ጠበቅሁ። አሁን የምመክረው ጥር ወይም የካቲት መጨረሻ፣ ቡናው ከወረደ በኋላ ነው፤ ፀሐይ አለ፣ እንጨቱ ደረቅ ነው።

ኮምፔርሳቶውን ላዩን፣ ሥሩን፣ በተለይ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት። ውሃ የሚገባው በጠርዙ ነው፤ ጠርዙ ቀለም ስለሚጠጣ መጀመሪያውን እጅ ቀጠን አድርጉት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው። ደርቋል አልደረቀም የሚለውን እኔ እንዲህ አውቃለሁ፦ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጣጥፌ ጣውላው ላይ አሳድርና ጠዋት አሸተዋለሁ። ጨርቁ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ካለ ቡና አልጭንበትም።

ጭነቱ የደረቀ ቡና ከሆነ፣ እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች የወረደ ማለት ነው፣ ከእርጥብ ጣውላ ውሃ መልሶ ይጠጣና ይሻግታል። ከሥሩ ንጹሕ ደረቅ ሸራ ይነጠፍ፤ ሸራው ለቡና ብቻ ይለይ። ነዳጅ፣ ሳሙና፣ ቆዳና ቅመም በዚያው ቀን አይጫኑም።

አጫጫን

ከባዱ ከኋላ ጎማው ፊት፣ ፍርግርጉን ተደግፎ ይደርደር። ከኋላ ጎማው ጀርባ ከባድ ነገር ከተከመረ የመኪናው አፍንጫ ይነሳል፣ መሪው ይቀልላል፣ በጭቃ ላይ ፊቱ አይታዘዝም። ስድስት ጆንያ ከሆነ ሦስት ሦስት በሁለት ረድፍ ተኝተው፣ ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን መገናኛ ረግጦ። ማሰሪያው በቀለበቶቹ በሰያፍ ይለፍ። ቀጭን እግር ያለው ዕቃ፣ ፍሪጅ ወይም ቡፌ፣ ሲጫን ከእግሮቹ ሥር ቁራጭ ጣውላ አድርጉ። የጎማውን ንፋስ ሹፌሩ በር አጠገብ ባለው ጽሑፍ ልክ አስሞሉ።

ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ እንጨት በክብደት ትንሽ ይረግጣል። እኔ አጋሮ ደርሼ ስመለስ አራቱ እያንዳንዳቸው ሩብ ዙር ገቡልኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተነቃነቁም።

በዓመት አንዴ፣ መስከረም ላይ፣ ሦስቱንም ቁራጭ አንስታችሁ ሥራቸውን ተመልከቱ። ዘንድሮ ሳነሳው ላሜራው ደረቅ ነበር፤ ከኋላ ግራ ማዕዘን ላይ ብቻ የመዳፍ ስፋት ያለው እርጥበት አገኘሁ። የኋላ በሩ ጎማ እዚያ ጋ ተጨፍልቆ ነበር። ጎማውን ቀይሬ፣ ቦታውን አድርቄ፣ አንቲረስት ነክቼ፣ ወለሉን ከሰዓት በኋላ መለስኩት።